በጉም ውስጥ የተነፋው ፊሽካ

አሰልጣኙ የተገኘው በስፖርት ዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ፣ በተጠቀለሉት ፍራሾችና በኳስ ከረጢቶች መሃል፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከአጠገቡ ተማሪዎች ውርወራ የሚለማመዱበት የብረት አሎሎ ወድቋል። ውጭ የመኸሩ ጉም ሜዳውን ውጦታል፤ የረገፈው ቅጠል እርጥብ ሆኖ መሬት ላይ ተለጥፏል። የዱላ ቅብብል ሯጮቹ፣ ሴት ልጆች፣ በዚያ ብርድ በቁምጣና በቀጭን ካናቴራ በሩ ላይ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ። ብርድ ይመታቸዋል ብሎ አንድ ነገር የሚደርብላቸው ትልቅ ሰው አልተገኘም። ይህን ያደርግ የነበረው ሰው ወለሉ ላይ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ልጆቹን ወደ አዳራሹ አስገብታ ትኩስ ሻይ እንዲሰጣቸው ማዘዝ ነው። ሬሳው የትም አይሄድም፤ ልጅ ግን ይታመማል። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች ይባልላታል። ተመልሳ ክፍሉን በዝግታ ቃኘችው። ግድግዳው ላይ የተጠቀለለ ገመድ፣ የተቀደደ መረብ፣ ሸረሪት ያደራበት ፊሽካ፣ የቀድሞ አሸናፊዎች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አሰልጣኙ የተመታው ከኋላው ነው። በቀኝ እጁ ቀይ የጨርቅ ባንዲራ ጨብጧል።

«ጀርባውን ሰጥቶ ነበር» አለች። «የገባው የሚያምነው ሰው ነው።»

በሩ ላይ የቆመችው ርዕሰ መምህርት መሀረቧን በጣቷ ጠቀለለች። «እዚህ የማያምነው ሰው የለም። ነገ እኮ የሽልማት ቀን ነው። የቅብብል ቡድናችን ዋንጫ አምጥቷል፤ ወላጆች ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

«እስቲ መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ። ባንዲራው ለምንድን ነው?»

«ከአራቱ ሯጮች አንዷ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርት ሲከፈት ፊሽካውን ትቶ በባንዲራ ማሰልጠን ጀመረ። ዛሬ ግን በጉሙ ምክንያት ነፍቷል። በመስኮቴ ሰምቼዋለሁ። ወዲያው ምክትል አሰልጣኙ ቢሮዬ ገባ፤ ስለ ነገው ስንነጋገር የቡድኑ አምበል እየጮኸች መጣች። ስለዚህ ፊሽካው ሲነፋ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ከፊሽካው በፊትስ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከጸሐፊዬ ጋር፣ አንድ ላይ ነው የገባነው። ለእንግዶች የሚሆን ወንበር ስናስተካክል ነበር።»

ምክትል አሰልጣኙን ተማሪዎች «መብረቁ» ይሉታል። በጉርምስናው በዚሁ ሜዳ የሚቀድመው አልነበረም። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ልቅሶው የውሸት እንዳልሆነ መርማሪዋ አየች።

«እናቴ ስትሞት ወደ ቤቱ የወሰደኝ ጋሼ ነው» አለ። «የመጀመሪያ የሩጫ ጫማዬን ክር ያሰረልኝ እሱ ነው።»

«ዛሬ አግኝተኸው ነበር?»

«አላገኘሁትም። ወደ ቢሮ እየሄድኩ ፊሽካውን ሰማሁ። ለርዕሰ መምህርቷም ‹ሽማግሌው ጀመራቸው› አልኳቸው።»

«በባንዲራ መስሎኝ የሚያሰለጥነው?»

«በዚህ ጉም ባንዲራ ማን ያያል? ማንም ቢሆን ይነፋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ በልጅ ላይ ጣቴን መቀሰር አልወድም። ግን ልጆቹ እንደሚሉት ከፊሽካው በኋላ ሦስቱ ሲሮጡ አንዷ አልነበረችም። ሚዳቋ። የማትሰማዋ። ትናንት ጋሼ ከቡድኑ ሊቀንሳት እንዳሰበ ነግሮኝ ነበር። እሷም ሳትሰማ አልቀረችም። ማለቴ፣ ሳታውቅ።»

ርዕሰ መምህርቷ ይህን ስትሰማ ትንፋሿን ለቀቀች። ለወላጆች የምትነግረው ነገር ተገኘ። ሁለት ፖሊሶች ልጅቷን ወደ ጣቢያ ለመውሰድ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። መርማሪዋ «ገና ነው» አለቻቸውና ወደ አምበሏ ሄደች።

አምበሏ ሻይዋን ሳትቀምሰው በሁለት እጇ ይዛዋለች። ደረቷ ከቀጭኑ ልብስ ስር ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«ሚዳቋን ሊቀንሳት? ኧረ ወዲያ። እኔን ይቀንሰኛል እንጂ እሷን አይነካትም። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው።»

«ከፊሽካው በፊት የት ነበረች?»

«አጠገቤ፣ እጄን ይዛ። ጉም ሲሆን የሰው እጅ ካልያዘች ብቻዋን የቀረች ይመስላታል። ከቤት አብረን ነው የመጣነው፤ አልተለያየንም። ፊሽካው ሲነፋ እጄን አስለቅቄያት ሮጥኩ። ስንመለስ የለችም።»

«ጋሼን ትናንት እንዴት ሆኖ አየሽው?»

ልጅቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አዝኖ። በእኔ ምክንያት።»

«ማንም አይቆጣሽም፣ የኔ ልጅ።»

«ዋንጫውን ይወስዱብናል።»

«ይወስዱ ይሆናል። ንገሪኝ።»

«መብረቁ ከውድድር በፊት እንክብል ይሰጠናል። ቫይታሚን ነው ይላል። ‹ለጋሼ አትንገሩ፣ የድሮ ሰው ስለሆነ አይገባውም› ይለናል። ከውድድሩ ወዲህ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል፤ እንቅልፍም የለኝም። ትናንት የቀረኝን ለጋሼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ‹ዋንጫውን እንመልሳለን› አለ።»

«ሚዳቋስ ትወስድ ነበር?»

«እሷ እምቢ ብላለች። ከቤት ውጭ ምንም እንዳትውጥ አያቷ አስምለዋታል።»

መርማሪዋ በሆዷ አያቷን አመሰገነች። የሰው ልጅ ልብ ለዋንጫ ሲባል እንደ ሞተር በሚነዳበት ጊዜ እንደዚህ ያለ መሐላ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን መብረቁ ምክንያት ቢኖረውም ከፊሽካው በኋላ ከርዕሰ መምህርቷ ፊት አልተለየም። ምክንያት ብቻውን ሰው አይገድልም።

ሚዳቋን ያገኟት በመልበሻ ክፍሉ ጥግ፣ ጉልበቷን አቅፋ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ አያቷ ወሬውን ሰምተው ሹራብ ይዘው ሲሮጡ ደርሰዋል። እያለከለኩ ሹራቡን አለበሷት፤ እጅጌውን ጎተቱ፣ አንገቱን አስተካከሉ፣ መልሰው ጎተቱ። መርማሪዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ብትሰጣት ልጅቷ ገፋ አድርጋ ወደ አያቷ ጠቆመች።

«‹አያቴ ትናገርልኝ› ነው የምትለው» አሉ አሮጊቷ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ጓደኞቿ ሲሮጡ ለምን አልሮጠችም? የትስ ሄደች?»

የልጅቷ እጆች ብዙ ተናገሩ። ትከሻዋን ነካች። መዳፏን ዘርግታ ባዶውን አሳየች። ሁለት ጣቶቿን አቆላልፋ በኃይል አላቀቀቻቸው። እንባዋ ወረደ።

«በረደኝ ትላለች» አሉ አያቷ። «በርዷት ልብሷን ልትደርብ ገባች።»

«ይህ ሁሉ እጅ ለአንድ ‹በረደኝ›?»

«ብርዱ እኮ ብዙ ነው፣ ልጄ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። አሮጊቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው፤ ፖሊሶቹ በሚታዩበት በኩል አቆመቻቸው።

«እማማ፣ እነዚህ ሰዎች ማንን እንደሚጠብቁ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። አፌን የያዝኩት ለዚያ ነው።»

«ትከሻዋን ለምን ነካች?»

«ብነግርሽ ትወስጃታለሽ።»

«ባይነግሩኝም ይወስዷታል። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደገፉ። «እኔን ያስቀድመኝ። ‹ከዳኝ› ነው ያለችው። ጉም ሲሆን ባንዲራው ስለማይታይ አሰልጣኙ ራሱ መጥቶ ትከሻዋን ሊነካት ቃል ገብቶላት ነበር። እሷ ስትነሳ ሌሎቹ ይነሳሉ። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ስትጠብቀው የያዘቻት ልጅ እጇን ነጥቃ ሄደች። ‹ለሚሰሙት ነፋላቸው፣ እኔን ጉም ውስጥ ጥሎኝ ሄደ፣ ጠላሁት› አለች። ሰውየው ሞቶ ተጋድሞ፣ የእኔ ልጅ ጠላሁት ትላለች ብዬ ላውራ? አንቺ ብትሆኚ ታወሪያለሽ?»

«ምናልባት አላወራም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን ልጅቷን ሊያስይዛት የነበረው ይኸው መደበቅዎ ነው።»

ወደ ዕቃ ክፍሉ ተመልሳ ግድግዳውን በቅርብ አየችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስጠራች።

አዳራሹ ለነገ ተሰናድቷል። የተማሪዎች ሥዕልና የሳይንስ ክበቡ ሥራዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ዋንጫው መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህርቷ ከፊት፣ መብረቁ ከጎኗ፣ ልጆቹ ከኋላ ተቀመጡ። ሚዳቋ ከአያቷ ጋር ብቻዋን ዳር ላይ ናት፤ ጓደኞቿ ወንበር ትተው ርቀዋታል።

«ይህ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በፊሽካው ላይ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «አሰልጣኙ ነፋ ካልን፣ ከዚያ በኋላ ነው የሞተው፤ ከዚያ በኋላ ብቻዋን የነበረችው ደግሞ ሚዳቋ ናት። ግን ነፍቷል ወይ? አንገቱ ላይ ፊሽካ የለም። ኪሱ ውስጥ የለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ሸረሪት ከግድግዳው ጋር ሰፍታዋለች፤ ማንም ቢያነሳው ድሩ ይበጠስ ነበር። አልተበጠሰም።»

«በጉም ግን በምን ይጠራቸዋል?» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«በእጁ። ለጉም ቀን ከሚዳቋ ጋር የተስማሙበት ነገር ነበራቸው፤ መጥቶ ትከሻዋን ይነካታል። አልመጣም። ያልመጣው ቃሉን ስለረሳ አይደለም፤ መምጣት ስለማይችል ነው። ፊሽካው ሲነፋ ሞቶ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

«እንግዲያው ጥያቄው ይገለበጣል። ከፊሽካው በፊት ማን የት ነበር? ርዕሰ መምህርቷ ከጸሐፊያቸው ጋር ነበሩ። ልጆቹ አብረው ነበሩ። ሚዳቋ የአምበሏን እጅ ይዛ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ከፊሽካው በፊት ያየው የለም፤ ከፊሽካው በኋላ ግን ሁሉ እንዲያየው ቢሮ ገብቶ ተቀመጠ። ፊሽካው የጠቀመው እሱን ነው። ለሚዳቋማ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ደግሞስ በማትሰማው ድምፅ ሰው ማታለል እንዴት ይታሰባታል?»

መብረቁ ተነሳ። «ማን በየት በኩል እንደነፋ ማን ያውቃል?»

«ጉም ውስጥ ማንም አያውቅም። አንተም የተማመንከው በዚያ ነው። የቱታህን ኪስ ገልብጠው።»

«አሰልጣኝ ነኝ፤ ፊሽካ መያዝ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ልጆችን እንክብል ማስዋጥ ግን ወንጀል ነው። ሚዳቋ ልትቀነስ ነው ያልከኝም ውሸት ነው። ጋሼ ያሰበው ዋንጫውን ሊመልስ ነበር።»

አምበሏ ሳትጠየቅ ከኋላ ቆመች። «ለጋሼ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እንደ ታላቅ ወንድሜ አምኜህ ነበር የዋጥኩት። ልቤን ዳስሰው እስቲ፣ አሁንም ይመታል።»

መብረቁ ወደ እሷ አላየም። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «‹ራስህ ንገራቸው፣ እኔ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። ከሜዳ በቀር ምን አለኝ? እየለመንኩት እያለ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው ብሎ እንደ ልማዱ ባንዲራውን ሊያነሳ ዞረ። እጄ ላይ ምን እንዳለ እንኳ አላወቅሁም። ቀና ስል ጉሙ ውስጥ ሲንጫጩ ሰማኋቸው።»

«ከዚያ ነፋህ» አለች መርማሪዋ። «ሲያለቅሱም አብረሃቸው አለቀስክ። ከዚያ ፊሽካህን ያልሰማችውን ልጅ ጠቆምክ።»

ፖሊሶቹ ኮሪደሩን ትተው ገቡና ወሰዱት። ርዕሰ መምህርቷ ዋንጫውን ከመድረኩ አንስታ የት እንደምታደርገው ሳታውቅ ይዛው ቆመች።

ሚዳቋ ሰዎቹ ማንን እንደያዙ አይታለች፤ ለምን እንደያዙት ግን የነገራት የለም። መርማሪዋ ወደ አያቷ ጎንበስ አለች።

«ሁሉንም ይንገሯት። እሷ ብላ እርስዎ ያስቀሩትንም።»

አሮጊቷ ከልጅቷ ፊት ተቀመጡ። አንዳንዱን ምልክት ደግመው ሠሩት። አሰልጣኙ ሊመጣ እንዳልቻለ ነገሯት። ስለ ፊሽካውም ነገሯት። በመጨረሻ ወደ ራሳቸው አፍ አመልክተው ስለ ብርዱ ነገሯት። ልጅቷ መሃል ላይ ትከሻዋን ይዛ አለቀሰች፤ ስለ ብርዱ ስታውቅ ግን ልቅሶዋን አቆመች። አያቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እጆቿ በአጭሩ ተንቀሳቀሱ።

«ምን አለች?» አለች መርማሪዋ።

«‹እሱ አልከዳኝም› ትላለች።» አሮጊቷ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «‹አንቺ ግን ቃሌን ወስደሽ ሌላ ተናገርሽ› ትላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አሉ አያቷ። «እጇን ኪሷ ከታ ዝም አለች።»