በየትኛው እጁ?

ቤቷ ሁለት ክፍል ናት። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ኋላ አባት፣ ከአባት ጎን እናቷ በሕፃንነቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ። አባት በልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከለካው ልብስ ላይ እንከን ስለማይገኝ የሥራ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር፤ እሱም ስሙን ይወደው ነበር።

ታዲያ ይህን ሰው ምን ነካው? የመተኮሻው ማሽን ነካው! የማሽኑ መከለያ መሰበሩን ሠራተኞቹ ሦስት ጊዜ ተናግረዋል፣ አለቃው ሦስቴም «ይታያል» ብሏል። አንድ ማክሰኞ ማሽኑ ቀኝ እጁ ላይ ወርዶ አልነሣ አለ። ጣቶቹ ተረፉ፣ ግን አልታዘዝ አሉት። አጥንቱ እያመረቀዘ መሆኑንና ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ መርዙ ወደ ደሙ እንደሚገባ ሐኪሙ ነገራቸው። ለሕክምናው አቅም አልነበራቸውም፤ የቀራቸው ተስፋ የካሳው ክስ ብቻ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ «እጁ ደህና ነው፣ ያስመስላል» ብሎ ተከራከረ።

አባት መኪናውን እያየ መዋል ጀመረ። ልጅ ይህን ማየት አልቻለችም። መርፌውን በሽባው ቀኝ እጁ እጅጌ ላይ ሰክቶ፣ ክሩን በከንፈሩ አርሶ፣ በግራ እጁ ማስገባትን አስተማረችው። ሳምንታት ፈጀ። ክሩ መጀመሪያ የገባ ቀን ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ሳቁ። ምነው ባላስተማረችው ኖሮ!

በችሎቱ ቀን የፋብሪካው ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄውን በፈገግታ ጀመረ። ከኮቱ ኪስ መርፌና ክር አወጣ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል። ይቺን እንኳ ማስገባት ያቅትዎታል?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የአባት ጠበቃ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ያገላብጣል። አባት ልጁን አያት። እሷ ነገሩ ገብቷት «ተው» ስትል ራሷን ነቀነቀች። እሱ ግን «አትችልም» ያለችው መሰለው… መርፌውን እጅጌው ላይ ሰካ፣ ክሩን አረሰ፣ በአንድ ጊዜ አስገባው! ከዚያም ደስ ብሎት ፈገግ አለ። የፋብሪካው ጠበቃ ለመዝገብ እንዲያዝለት ጠየቀ፤ ጸሐፊዋም «ከሳሽ በችሎት ፊት በእጁ መርፌ ላይ ክር አስገብቷል» ብላ ጻፈች። በእጁ! በየትኛው እጁ? ዳኛው አልጠየቁም። የገዛ ጠበቃው እንኳ ቀና አላለም።

ክሱ ውድቅ ሆነ። ይግባኝ አሉ። ፋብሪካው በቅርቡ የተሰጠ የሰበር ውሳኔ ጠቅሶ መጣ፤ የሥር ፍርድ ቤት በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠው ነገር በይግባኝ እንደገና አይመረመርም የሚል ነው። ልጅቷ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«የተጎዳው ቀኙ ነው። ያስገባው በግራው ነው።»

ሰብሳቢው ዳኛ ገጾቹን አገላበጡ። «መዝገቡ ላይ የለም» አሉና ይግባኙን ዘጉት።

መርዙ ግን ይግባኙ እስኪያልቅ አልጠበቀም ነበር። አባት በትኩሳት እየነደደ ሆስፒታል ተኝቶ የልጁን እጅ ያዘ።

«ጥሩ አድርገሽ ነው ያስተማርሽኝ፣ ልጄ። እንደ ድሮዬ ሰው ፊት ሠራሁ።»

ምን ትበለው? ያቺ ሥራ እንደገደለችው ትንገረው? ግንባሩን ሳመችው፤ በነጋታው ሞተ።

ሊቀበርበት የተመረጠው ሸሚዝ የቀኝ እጅጌው ቁልፍ ተበጥሶ ነበር። ልጅ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌ አነሣች። ክሩ አልገባ አላት። ዓይኗን ጠረገች፣ ደገመች… አሁንም አልገባ አላት። በመጨረሻ የጎረቤት ሴት ከእጇ ተቀብላ አስገባችላት።

ለቀስተኞቹ «ዕድሉ ነው» አሏት። ዕድል? ዕድል በኮቱ ኪስ መርፌ ይዞ ችሎት ይገባል እንዴ? ዕድል «ይታያል» እያለ ሰው ያስፈጫል? መዝገቡ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዛሬም «በእጁ» ይላል።