የሳትሪያ ካናቴራ

ዊርዮ ከካሴት መደርደሪያው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ወለሉ በደም ጨቅይቷል፤ ራሱ በፎጣ ተጠምጥሟል፤ የለበሰው ጥቁር ካናቴራ ግን ጠብታ አልነካውም።

ኢንስፔክተር ኒንግሩም ይህን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። በማላንግ ከተማ ባራ የተባለውን የሮክ ባንድ የማያውቅ የለም፤ እንደ ዊርዮ የወደደው ግን አልተወለደም። ፖስተሩ፣ የተሰበረው የከበሮ ዱላ፣ በተርታ የተሰቀሉት ጥቁር ካናቴራዎች፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ትዳሩ እነሱ ነበሩ።

ልጁ ላራስ ከደጅ ቆማ እያለቀሰች ነው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አባቴ ብቻውን ነው የሞተው? ትናንት ከእኔ ይልቅ ጨርቅህን ትወዳለህ ብዬው ነው የወጣሁት።»

«እደርስበታለሁ» አለች ኒንግሩም።

አስከሬኑን ጠዋት ያገኘው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ሄሩ ነበር። ሽበቱን እስከ ትከሻው ለቆታል። ፖሊሶች ቦርሳውን ሲከፍቱ ጥቁር ካናቴራ ወጣ።

«አልገደልኩም!» አለ ሄሩ ላብ እያሰመጠው። «ባንዱን በአዲስ ዘፋኝ ልናስነሳው ነው። የድሮው ዘፋኛችን ሳትሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጨረሻው ኮንሰርት የለበሳትን ካናቴራ አዲሱ ልጅ መድረክ ላይ እንዲለብሳት ዊርዮን ለመንኩት፤ እሱም እሺ ብሎኝ ነበር። ሞቶ ሳገኘው... ከተሰቀሉት አነሳኋት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።»

የዊርዮ የአርባ ዓመት ጓደኛ ቶጋር ጥግ ይዞ ሲነፋረቅ ቆይቷል። ካናቴራውን ሲያይ እንባው ቀጥ አለ።

«ኤዲያ! ከሳትሪያ ጋር ስትጫወት ኖረህ ይቺን የገበያ ቡትቶ የሱ ናት ትላለህ?»

«በምን አወቁ፣ ጋሽ ቶጋር?» አለች ኒንግሩም።

«አንቺ ልጅ! የሳትሪያን ካናቴራ እናቱ ናቸው የጠቀሙለት። በግራ ብብቱ ከውስጥ፣ በቀይ ክር። ከዊርዮና ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም!»

ኒንግሩም ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። የግራ ክንዱን ቀስ ብላ አነሳች። ቀዩ ክር እዚያ ነበር። መልስ ባገኘች ቁጥር ደስ የሚላት ሴት ናት፤ የዛሬው ግን አንጀቷን በላው።

ላራስን፣ ሄሩንና ቶጋርን አስቀመጠች።

«ሰውየው የሚደማ ራሱን የሚያስርለት፣ ንጹሕ ልብስ የሚያለብሰው ሰው ነበረው። ሌባ ደግሞ ይወስዳል እንጂ አያለብስም። ሄሩ የውሸቷን ነው የወሰደው፤ ላራስም ከነዚህ ሁሉ መሀል እውነተኛዋን አትለይም። ደግሞም እኛ እስላሞቹ ሬሳ አጥበን በነጭ እንከፍናለን። ሟችን የክቱን አልብሳችሁ የምትሸኙት እናንተ የባታክ ጎሣ ክርስቲያኖች ናችሁ፣ ጋሽ ቶጋር።»

ቶጋር አልካደም።

«ለዚያ ውርጋጥ ሊሰጣት ነበር! ማታ መጥቼ ለመንኩት። ‹ሳትሪያ ሞቷል፣ ቶጋር፤ ዘፈኑ ይኑር እንጂ› አለኝ። ያዝኳት፤ ሳበ፤ ሳብኩ። ክሯ ሲንጣጣ ሰማሁ። እንዳትቀደድ ብዬ... ለቀቅኩለት።»

ከዊርዮ ኋላ የብረት ሣጥን ነበር፤ ወደ ኋላ ሲወድቅ ራሱን መታው።

«ለጨርቅ ብዬ!» አለ ቶጋር ፊቱን እየነጨ። «ሐኪም ልጥራ ብዬ ስነሳ እጄን ያዘኝ። ‹አትሂድ› አለኝ። አልሄድኩም። ነፍሱ ስትወጣ አጥቤ አለበስኩት። ከሷ ሌላ ምን ልሰጠው?»

ላራስ ተነሳች። «ሲሞት አብረኸው ነበርክ?»

«ራሱ እዚህ ጭኔ ላይ ነበር፣ ልጄ።»

ልትመታው እጇን አነሳች። ቶጋርም ይገባኛል ብሎ ፊቱን ሰጣት። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ተንበረከከችና አባቷ ራሱን ያሳረፈበት ጭን ላይ ራሷን ጥላ እሪ አለች። ቶጋር ሊዳብሳት ፈርቶ እጆቹን ከፍ አድርጎ ይዟል።

ካቴና የያዘው ፖሊስ ራመድ ሲል ኒንግሩም ክንዱን ያዘችው። «ቆይ» አለችው፤ «ትንሽ ታልቅስ።»