የሚያበሩት ቢላዎች

ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ በገባ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ የሠራዊቱ ሐኪም ቤት ግቢ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ፣ የበሩ መዝጊያ በአዲስ ቀለም ደምቆ፣ የቁስለኞቹ አልጋ ልብስ ሳይቀር ተለውጦ ነበር፤ በማግስቱ የጦር ሚኒስትሩ ሊጎበኙት ነውና። ከግቢው ጥግ፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል መስኮት ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ለጉብኝቱ ደንታ የሌለው አንድ ሰው ሞረዱን በውሃ እያራሰ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ይህ ሰው የሐኪም ቤቱ ሞራጅ ሲሆን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሐኪሞቹን ቢላና መጋዝ ሲስል የኖረ ነው። ስለቱ መውጣቱን የሚያውቀው በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ነበር፤ ቢላውን ጥፍሩ ላይ ሲያሳርፈው ከተንሸራተተ ወደ ሞረዱ ይመልሰዋል፤ ነክሶ ከቀረ ደግሞ በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ለሐኪሙ ይሰደዋል። ጥፍሩ ከዚህ የተነሣ እንደ መክተፊያ ጣውላ ተጫጭሮ ስለነበር ወታደሩ ሁሉ አባ ጥፍር ይለው ነበር፤ እርሱም በስሙ ይኮራ ነበር፤ ሥራው ያወጣለት ስም ነዋ።

የግምጃ ቤቱ ሹም ሳያንኳኳ ገባ። ይህ ሹም ከመሾሙ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ ከተሾመ ወዲህ ግን ጫማው አቧራ ነክቶት አያውቅም። ከቢላዎቹ ሣጥን አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለና ፊቱን አጨማደደ።

«ይህን ጥላሸት ነው ለክቡር ሚኒስትሩ የምናሳየው?»

«ጌታዬ፣ ጥላሸት አይደለም፤ ዘይት የጠጣ ብረት መልኩ ይኸው ነው። ስለቱን ይዩልኝ።»

«ሚኒስትሩ ስለት ሊዳብሱ አይመጡም! አሁኑኑ ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ይወሰድና በመወልወያው መንኮራኩር ይወልወል። ፊቴን ላይበት እፈልጋለሁ።»

አባ ጥፍር ደሙ ፈላ፤ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ ያ መንኮራኩር የቀበቶ ዘለበትና የአዝራር መወልወያ ነው። በደረቁ ስለሚፈጭ ብረቱን ያግለዋል። ቀጭኑ ጠርዝ አንዴ ግሎ ሰማያዊ ካለ አበቃለት፤ አንጥረኛ እንደ አዲስ በእሳትና በውሃ ካልገራው በቀር ሞረድ አያድነውም። እኔስ ስስል ውሃ የማፈሰው ለጨዋታ ይመስልዎታል?»

«አንተ እኔን ልታስተምር?»

«እርስዎን ላስተምር አይደለም፤ ነገ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሚተኛው ሰው ብዬ ነው።»

ሹሙ ወታደር ጠርቶ ሃያ አራቱንም ቢላ አስጫነና ሄደ። ቢላዎቹ ከቀትር በኋላ ሲመለሱ መስታወት መስለው ነበር፤ ሙቀቱ ያመጣውን ሰማያዊ ምልክት እንኳ ውልወላው ጠርጎ አጥፍቶት ነበር። አባ ጥፍር አንዱን ጥፍሩ ላይ ቢያሳርፈው ሸርተት አለ፤ ሞረዱ ላይ ቢያስኬደው ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። እየሮጠ ወደ ዋናው ሐኪም ሄዶ ነገረው። ሐኪሙ በእጁ ሥራ የተመሰገነ፣ በሹመኛ ፊት ግን አንገቱ የሚሰበር ሰው ነበር።

«ጉብኝቱ ይለፍና ለአንጥረኛ እንሰጣቸዋለን፤ ምን ቸኮልክ?» አለው።

ሚኒስትሩ በማግስቱ መጡ፤ ቢላዎቹን አይተው ፈገግ አሉ፤ የሹሙንም ትከሻ መታ መታ አደረጉ። አንጥረኛው ግን ሳይጠራ፣ ሚኒስትሩ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ ውጊያ ፈነዳ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላም ግቢው በቃሬዛ ተሞላ።

የአባ ጥፍር ልጅ በዚያው ሐኪም ቤት ቁስል አሳሪ ነበረች። ሽርጧ በደም ተነክሮ በሩን በርግዳ ገባች።

«አባዬ! ቢላው አይቆርጥም! ሐኪሙ ይገዘግዛል እንጂ አይቆርጥም! ሰውየው ሲጮህ አልሰማህም?»

እንዴት አይሰማም? መስኮቱ ከራሱ በላይ ነው። ሞረዱን አዲስ ውሃ አራሰው።

«ወጥ ቤት ሩጪ» አላት። «የሥጋውን ቢላ፣ የሽንኩርቱን፣ ያገኘሽውን ሁሉ አምጪልኝ። ሚኒስትሩ ወጥ ቤት ስለማይገቡ እነዚያን የወለወላቸው የለም።»

ስድስት ቢላ አመጣች፤ እርሱ ይስላል፣ እርሷ በፈላ ውሃ እየነከረች ታመላልሳለች። በሚያበሩት ቢላዎች ከታረዱት አራት ወታደሮች (መታረድ ካልሆነ ሌላ ስም የለውም!) ሦስቱ ሞቱ፤ በወጥ ቤቱ ቢላ እጅና እግራቸው ከተቆረጠው አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ ዳኑ።

ወሬው ወደ ላይ መውጣቱ አልቀረም፤ ጥፋተኛም ተፈለገ። በሳምንቱ አባ ጥፍር ሹሙ ቢሮ ተጠራ። በጠረጴዛው ላይ «በሞራጁ ቸልተኝነት ቢላዎቹ ሳይሳሉ በመቅረታቸው» የሚል ወረቀት ተዘርግቷል፤ ዋናው ሐኪምም ከጥግ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

«ጣትህን አኑርበት» አለ ሹሙ። «ካመንክ በምሕረት ሥራህ ላይ ትቆያለህ። እምቢ ካልክ ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

አባ ጥፍር ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ሐኪም፣ እርስዎ ያውቃሉ። ነግሬዎታለሁ።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እንግዲያው ስሙኝ» አለ አባ ጥፍር፤ ጣቱን አነሣ። «ይህ ጣት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያልተሳለውን ተስሏል ብሎ አያውቅም፤ ዛሬም የሳለውን አልሳልኩም አይልም። እናንተ የገደላችሁትን እናንተው ፈርሙበት!»

ከቀትር በፊት ከግቢው ተባረረ። ወረቀቱንም ያለ እርሱ ጣት ሹሙና ሐኪሙ ፈርመው ላኩት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሞት የቀበሩት ልጁና ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ።

የጦርነቱ ታሪክ በሊቃውንት እጅ ሲጻፍ የሚኒስትሩ ጉብኝት ሁለት ገጽ ሙሉ ተሰጠው፤ «በንጽሕናቸው የሚያበሩት መሣሪያዎች»ም ተመሰገኑ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያ ወረቀት እንዳለ ተገለበጠ። ከገልባጮቹ አንዱም ሁለቱን ጽሑፍ አስተያይቶ፣ ሚኒስትሩን ያስደሰቱት ቢላዎች በሁለት ቀን ውስጥ እንዴት የማይቆርጡ ሆኑ ብሎ አልጠየቀም፤ የተፈረመ ወረቀት ካለ ማን ይጠይቃል? በሠራዊቱም ውስጥ ጎራዴው የዶለዶመበት ወታደር ሁሉ አባ ጥፍር እየተባለ ይሰደብ ጀመር፤ ስድቡም ከጦር ሰፈር ወጥቶ ገበያ ገባ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁ፣ ጸጉሯ ሸብቶ፣ ሥጋ ቤት ወረፋ ይዛ ሳለ ከፊቷ ያለችው ሴት ሥጋ ሻጩን «ምን ዓይነት ቢላ ነው የያዝከው? አባ ጥፍር ነው እንዴ የሳለልህ?» ስትል ሰማች። ወረፋው በሳቅ ፈነዳ።

«አባ ጥፍር ስሎት ቢሆንማ» አለች ልጁ፣ «ሥጋውን ለመቁረጥ አንድ ጊዜ ማስኬድ ይበቃው ነበር።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ከፊተኛው ይልቅ ሳቀ።