መርዶው ከፊርማው በኋላ

ትርንጎ እንደነቃች እጇን ከትራሱ ሥር ሰዳ ቁልፉን ዳበሰች። ቤት አልባ ሰው የሚነቃው እንዲህ ነው፤ ያልደረሰበት ይሳቅ። ሻጯ ወይዘሮ አስካለ ኑሮዋ ጋምቤላ ስለሆነ ለወንድሟ ለጓንጉል ውክልና ልካለች፤ ዛሬ እሱ ይፈርምና ቀድሞ ያስገባት ይህ የደሴ ቤት የትርንጎ ይሆናል። የሚያፈሰው ኪራይ ቤት የልጇን የሰብለን ደረት በብርድ ስለበላው፣ ነገሩ እስኪጸና ብላ ከማዶ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ትታታለች።

ጉሙ መስኮቱን ደፍኖታል። ዝናብ ሳይጥል ወለሉ አዲስ የተቆፈረ አፈር አፈር ይሸታል፤ ደግሞ ከጓዳው ቀጭን ሳል ተሰማት፣ አንዴ፣ ቆይቶም እንደገና፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው። የጓዳውን በር ከፈተችው። ባዶ ግድግዳ ነው። ባዶ ክፍል ያስላል እንዴ?

ጓንጉል ከሰርቪሱ ወጥቶ ራሱን አከከ። «እህቴ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም።»

ትርንጎ «ሞታ ቢሆንስ?» ብላ አሰበች። ወካይ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይሞታል፤ ይህን ደላላ ሁሉ ያውቀዋል።

ከበር ውጭ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ አይነጋገሩ፣ አይስሉ። ለሰፈሩ እንግዳ ናትና አንዱንም አታውቅ፤ የሻጯ እድርተኞች መሰሏት፣ ለጓንጉል መርዶ ይዘው የመጡ። ሾልካ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«አረፈች?» አለች በሹክሹክታ።

«ሌሊት» አሉ ከፊት የቆሙት ሽማግሌ። «ማን ነገረሽ?»

«ልቤ። አባቴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ እስክንፈርም ዝም ይበሉልኝ።»

«እያወቅሽ ልትፈርሚ?»

«እያወቅሁ! ሙት ምን ያስቸኩለዋል? ሜዳ ላይ የምቀረው እኔ ነኝ!»

ሽማግሌው እባብ እንደረገጠ ሰው ወደ ኋላ አሉ።

ጓንጉልን በጓሮ በር አስወጥታ እየገፋች ወደ ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። ፈረመ፤ ፈረመች። ያ የአፈር ሽታ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ድረስ ተከትሏት ነበር፤ እጇን ብታሸት እጇም ይሸታል። ሲመለሱ ሰዎቹ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው አቋቋም እንደቆሙ ናቸው።

የጓንጉል ስልክ ጮኸ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ አነሳው።

«ኔትወርክ ጠፍቶብን እኮ ነው!» አለች ወይዘሮ አስካለ እየሳቀች፣ ድምጿ ጥርት ብሎ። «ተፈረመ? ይባርክልሽ የኔ እህት፤ ውለጂበት፣ ክበጂበት!»

ሽማግሌው ጓንጉልን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት አልፈው የትርንጎን ክንድ ያዙና «ከፈረምሽማ እንግዲህ ነይ፤ ልጅሽን እንቅበር» አሏት።