ከድጋፉ አናት የወረደው መስቀል

«ወይዘሮ ኦፌልያ፣ ግድግዳው ሲወድቅ ልጅዎ የት ነበር?» አለች መርማሪዋ ሶኮሮ።

ኦፌልያ አላወቀችም። ከምግብ መኪናዋ መስኮት ሆና ለግንባታው ሠራተኛ ሁሉ ምሳ ስታድል ልጇ ኒካኖር ብቻ አልመጣም። መሬት የተንቀጠቀጠችው ያኔ ነው። በሳን በርናርዲኖ ሸለቆ የመሬት መንቀጥቀጥ ብርቅ አይደለም፤ የዚያን ቀኑም ብርጭቆ እንኳ አልሰበረም። ነገር ግን ወለል ላይ ተኝተው ኮንክሪት ተሞልተው፣ ሲደርቁ በክሬን ከቆሙት የመጋዘኑ ግድግዳዎች አንዱ ተገነደሰ። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ጣሪያው እስኪታሰር የሚይዘው ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ የብረት ድጋፍ ነው። ንድፉን የሠራው ኢንጂነር ቫርታን ከሥሩ ነበር፤ ሞተ።

ከፍርስራሹ አጠገብ የቡሎን መፍቻ ተገኘ። እጀታው ላይ የኒካኖር ስም ተቀርጿል። ኦፌልያ በዚህ ዓለም ያላት እሱ ብቻ ነው።

ሶኮሮ አልተጫነቻትም። ወደ ሥራው አለቃ ወደ ኬርቢ ዞረች።

«የገደለው መሬት ነው» አለ ኬርቢ። «ደግሞ ቫርታን ግድግዳውን መቃ አደረገው። ቁመቱ የአራት ፎቅ፣ ውፍረቱ ስንዝር።»

«ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ቆመዋል እኮ።»

«ዕድል ነዋ። ሰውዬው ‹ጣሪያው ሳይታሰር ድጋፍ አይፈታም› እያለ ሲጨቀጭቀን ነው የሚውለው። እኔ የጣሪያው ብረት ዛሬ ይግባ አልኩ። እንዴት እንደሚገባ የነሱ ጣጣ ነው።»

የክሬኑ ነጂ ዳጎቤርቶ ኒካኖርን ክርስትና ያነሳ ሽማግሌ ነው። ኦፌልያን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ልጁን አልከስም» አለ። «ግን ድጋፍ የሚያስረውም የሚፈታውም እሱ ነው።»

ኒካኖር ራሱ ከዚህ የተሻለ አልረዳም።

«የት ነበርክ?» አለችው ሶኮሮ።

«መኪናዬ ጋ።»

«ምን ልታደርግ?»

ኒካኖር ፊቱን አዞረ።

«ተናገር እንጂ» አለች እናቱ። «ከነምላስህ ነው የወለድኩህ።»

«እማ፣ ተይኝ።»

ሶኮሮ ፍርስራሹ ዳር ቁጢጥ ብላ የድጋፉ ቡሎን የነበረባቸውን የወለሉን ቀዳዳዎች በጣቷ ዳበሰች። ኦፌልያ ከኋላዋ ቆማ ታያት ነበር። ድንገት ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ መስቀሉ የታለ?»

ያን ሰሞን ግንበኞች በአበባ ያጌጠ መስቀል በሥራቸው አናት ላይ የሚያስሩበት የመስቀል በዓላቸው ነበር። የወረቀት አበባውን የሠራችው ኦፌልያ ናት። ሠራተኞቹ መስቀሉን ያሰሩት በዚያው በወደቀው ግድግዳ ላይ፣ ድጋፉ ግድግዳውን በያዘበት አናት ነው። ፈልገው አገኙት። ከሌላ ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ቆሟል። ከአበባው አንዲት ቅጠል አልተጎዳችም።

ሶኮሮ ሁሉንም በምግብ መኪናው ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«በመጀመሪያ መሬትን ነፃ ላውጣ» አለች። «ነውጡ ድጋፉን ነቅሎት ቢሆን ቡሎኑ ወለሉን ቦጭቆ ይወጣ ነበር። ቀዳዳዎቹ ግን ደህና ናቸው። ድጋፎቹም ቀጥ እንዳሉ፣ አቧራ ለብሰው ከማዶ ተደርድረዋል። ግድግዳው ሳይወድቅ ተፈተዋል ማለት ነው። ቫርታን የነደፈው ነውጥን አስቦ ነው። ከላይ ጣሪያ ካልያዘው፣ ከጎን ድጋፍ ከሌለው ግን የትኛውም ግድግዳ አይቆምም።»

«ኒካኖር ነዋ የፈታው» አለ ኬርቢ። «መፍቻውን አላየሽም?»

«አይቼዋለሁ። አቧራው ሁሉንም ሲያለብስ መፍቻው ላይ ቅንጣት የለም፤ አቧራው ያለው ከሥሩ ነው። ግድግዳው ከወደቀ በኋላ የተቀመጠ ነው። ኒካኖር ራሱን ለማስከሰስ ስሙ ያለበትን ዕቃ እዚያ አያኖርም።»

«ታዲያ እኔ ልሆን ነው?»

«መስቀሉ ሳይወርድ ድጋፉ አይፈታም። እርስዎ ቢሆኑ በጥሰው ይወረውሩት ነበር። ድጋፉን የፈታው ሰው ግን እንደ ሕፃን ታቅፎ አወረደው።» ወደ ኒካኖር ዞረች። «መኪናህ ውስጥ የምትፈልገው መፍቻህን ነበር፤ ግን ተወስዷል። ድጋፉ መፈታቱን አይተህ መልሰህ ልታስር። የፈታውንም አይተሃል። መስቀሉን ታቅፎ ሲወርድ። እውነቱን የደበቅከው ለእሱ ብለህ ነው።»

ኒካኖር አንገቱን ደፋ።

ዳጎቤርቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ድጋፉ መንገድ ዘጋብኝ። ብረቱን አስገብቼ ወዲያው ልመልሰው ነበር። ቫርታን ከግድግዳው ሥር ይገባል ብዬ አላሰብኩም። መሬት ትንቀጠቀጣለች ብዬም አላሰብኩም።»

«መፍቻውንስ» አለች ኦፌልያ ቀስ ብላ፣ «መፍቻውንስ ያስቀመጠችው መሬት ናት፣ አበልጅ?»

ዳጎቤርቶ ሁለት እጁን ለሶኮሮ ዘረጋ።

እሱን ወሰዱት። ኬርቢ በሥራው ላይ ቀረ፤ ‹ድጋፍ ፍቱ› ሲል የሰማው የለማ። ግድግዳው በቫርታን ንድፍ እንደገና ተሞልቶ፣ በዚያው ስፍራ ቆመ። ኒካኖር በክርስትና አባቱ ላይ መስክሮ ሲያበቃ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ኦፌልያ ቀረች። ለኬርቢም ምሳውን እንደ ሌላው ሰው ትሰጠዋለች።