የኤምሪ እናት ዛፍ

የዶማው እጀታ የኤምሪን መንጋጋ ሲያገኘው ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ጮኸ። ኤምሪ ጭቃው ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። ዴንዚል ግን አልበቃውም፤ ጎኑን በጫማው ደጋገመው።

«ተው! ትገድለዋለህ!» ኦፓል የወንድሟን የዴንዚልን ኮት ይዛ ጎተተች። በክርኑ ደረቷን መትቶ ጣላት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ጠቡ ሳሳፍራስ በሚባል፣ ሥሩ አጥብቆ በሚሸት ዛፍ የመጣ ነው። በረዶው ሲቀልጥ፣ ቅጠል ሳይወጣ፣ የተራራው ሰው ሁሉ ሥሩን ቆፍሮ ልጣጩን እንደ ሻይ አፍልቶ ይጠጣል፤ ደም ያጠራል ይባላል። ታዲያ የሚቆፈረው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ዛፉ መኖር አለበት። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ዴንዚል ይህን ወግ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ የጎረቤት አጥር ዘልሎ፣ የኤምሪ ሟች እናት የተከለችውን ዛፍ ዙሪያውን ቆፍሮ አንድ ሥር ሳያስቀር ቆረጠው። ልጣጩን እየላጠች ጆንያ ውስጥ የከተተችው ኦፓል ናት። ነውር መሆኑን እያወቀች ዝም አለች።

ኤምሪም ባዶ እጁን መጥቶ፣ «የእናቴን ዛፍ ገደላችሁት» ነበር ያለው። ዴንዚል ዶማውን ያነሳበት ያን ጊዜ ነው።

ኤምሪን እዚያው ጥለው ወንዙ ዳር እጃቸውን በአሸዋ ሲፈትጉ ዴንዚል፣ «የእኛን ዛፍ ሲቆፍር አገኘነው፤ ቢላ መዘዘብኝ። ገባሽ?» አላት።

«የምን ቢላ?»

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን እስር ቤት ልትከቺ ነው?»

ሰዓት ሳይሞላ የኤምሪ አባት ሆባርት ጠመንጃውን ይዞ ደጃቸው ቆመ። ሸሚዙ በልጁ ደም ርሷል። የኦፓል አባትም የራሱን ጠመንጃ አንስቶ በረንዳው ላይ ወጣ።

«ልጄ መናገር አቅቶታል» አለ ሆባርት። «አጥንቱን ማን ሰበረው?»

«ሌባ ነው ልጅህ!» አለ አባቷ፣ ዴንዚል የነገረውን አምኖ። «ዛፌን ሲቆፍር ተያዘ፤ ቢላም መዘዘ። ኦፓል አይታለች። ንገሪው እስቲ!»

«ሳሳፍራስ የነካ እጅ ቢታጠብም እስከ ነገ ይሸታል፤ አንተም ታውቃለህ። የልጄን እጅ አሽትቼዋለሁ። ጭቃ ጭቃ ነው የሚለው።»

ዴንዚል እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«አንድ እርምጃ ጨምርና ታያለህ!» አባቷ ጠመንጃውን አቀባበለ። የሆባርትም አፈሙዝ ቀና አለ።

ኦፓል ደረጃውን ወርዳ በሁለቱ መካከል ቆመች። ፈርታለች፤ ሽርጧ ውስጥ የደበቀቻቸውን እጆቿን ግን አወጣቻቸው።

«ኦፓል!» አለ ዴንዚል ከኋላ።

ዞራ አላየችውም። መዳፎቿን ወደ አባቷ ፊት ዘረጋች።

«አባዬ፣ እጄን አሽትት።»