ድምፁን ማን ዝቅ አደረገው?

ሽማግሌው ድምፅ ቀራጭ በገዛ ስቱዲዮአቸው ወለል ላይ ተዘርረው የተገኙት ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። ልጃቸው በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ጭንቅላታቸው ከጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጋር ተላትሞ፣ ነፍሳቸው ወጥታ አገኘቻቸው።

የስቱዲዮው ቴክኒሻን ተጠርቶ ሲመጣ ከበሩ ማለፍ አቃተው። አሥራ ሁለት ዓመት እጃቸው ሥር ሥራ የተማረ ሰው ነውና ማንንም አልገረመም። አዲሱን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ባለፈው ሳምንት ከኮምፒውተሩ ጋር በኔትወርክ ያገናኘላቸውም እሱ ነው። ሰሌዳው የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ የሚወስኑ ተንሸራታች ቁልፎች አሉት፤ ኮምፒውተሩ ሲያዛቸው ደግሞ ጣት ሳይነካቸው ይንሸራተታሉ።

ኢንስፔክተሯ ከአፏ ይልቅ ጆሮዋ የሚሠራ ሴት ነበረች። ልጅቱ ጠዋት ከአባቷ ጋር መጣላቷን አልሸሸገችም። ፎቅ ላይ የሚኖረው ከበሮ መቺ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሙዚቃው ከፍ ዝቅ ሲል እንደሰማ፣ ሽማግሌውም ሥራ ላይ እንደነበሩ ተናገረ። የስቱዲዮው በር ቁልፍ በልጅቱም፣ በከበሮ መቺውም፣ በቴክኒሻኑም እጅ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ቴክኒሻኑ ቤቱ እንደነበረ ሚስቱም ጎረቤቱም መሰከሩለት፤ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት እዚያው የሚኖሩት ልጅቱና ከበሮ መቺው ብቻ ናቸው።

ቴክኒሻኑ ይህን ሲሰማ እፎይ ማለት ሲገባው ከፋው። እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላልሳት የነበረች ልጅ ልትጠረጠር ነው። ያም ሆኖ የሆዱን በሆዱ ያዘ። ኢንስፔክተሯ ስለ ሰሌዳው ስትጠይቀውም አንድ በአንድ አስረዳት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከበሮ መቺው አልዋሸም» አለች። «የሰሌዳው ቁልፎች አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ነበር። ሰሌዳው ግን ጣት ሲነካው ይመዘግባል፤ በዚያ ሰዓት አንድም ንክኪ የለም። ያዘዛቸው ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ነው፣ በኔትወርክ። የኔትወርኩን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሟቹ ናቸው።»

ቴክኒሻኑ አልተከራከረም። እንዲያውም ሸክም የወረደለት ይመስል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ዓመት የለፋበትን ሥራ ሽማግሌው በራሳቸው ስም ማውጣታቸውን፣ ሲጠይቃቸው «አንተ ዕድሜ ልክህን ተማሪ ነህ» ማለታቸውን፣ በንዴት ገፍትሯቸው ሲወድቁ በሩን ቆልፎ መሮጡን ተናገረ። ሙዚቃውን ከቤቱ ሆኖ የከፈተው፣ ሽማግሌው በዚያ ሰዓት በሕይወት እንደነበሩ ለማስመሰል ነው።

«የሞቱ መስሎኝ ነው» አለ።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ይላል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ ለብቻው እስከ ታች ወርዷል። የማይክራፎኑ። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር፤ የክፍሉን ድምፅ ወደ አንተ ቤት ያደርስ ነበር። ለምን ዘጋኸው?»

ልጅቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ዛሬም ቢሆን ሌላ መጠሪያ አልመጣላትም።

«ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ምን አለ?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ስሜን ጠሩ» አለ። «ሦስት ጊዜ።»